የዋዜማው ሌሊት

ልጆቼን ወደ እንጅባራ የወሰድኳቸው ፈረስ እንዲያዩ ነበር፤ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን፣ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁትን የአገው ፈረሰኞች በዓል። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ከከተማው ወጣ ካለው የባለቤቴ ዘመዶች ግቢ ስንደርስ ኮርቻው ተወልውሎ፣ በክር ያጌጠው ግላስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። የአባወራው ፊት ግን አልፈታ ብሏል።

«ባዝራዋ ደርሳለች» አሉን።

እውነትም ጡቷ አግቷል፤ ጫፉ ላይ እንደ ሰም የደረቀ ጠብታ ይታያል። ይህ ከታየ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው አንድ ሁለት ቀን ነው።

የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ የአድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ማታ እሳት ዳር ይህንኑ ስንጫወት ልጄ «አባ ዳኘው ማለት የዳኘው አባት ማለት ነው?» አለች። ዳኘው የምኒልክ ፈረስ ስም መሆኑን፣ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ፣ ባልቻም አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው እንደሆነ ነገርኳት። «የዳኘው እናትስ ማን ትባላለች?» ስትል መልስ አጣሁ። የፈረሶቹን ስም በቃላችን ይዘናል፤ የወለዷቸውን ባዝሮች ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

በአዊ ደጋ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል። ባዝራ 11 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው፣ ቢፀነስም አብዛኛውን ጊዜ አይበረክትም። የዚያን ሌሊት ውርንጭላ ማጣት ማለት እንግዲህ የአንድ ዓመት ጥበቃ መና መቅረት ነው።

«አንቱ በጊዜ ተኙ፤ ነገ ትጋልባላችሁ። እኔ አድራታለሁ» አሉ የቤቱ እመቤት። አባወራው መልስ ሳይሰጡ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጋጣው ወጡ። እኛንም አባረሩን። ባዝራ ሰው ሲበዛባት ምጧን ማዘግየት ትችላለች፤ አብዛኞቹም ጸጥታውን ጠብቀው ሌሊት ይወልዳሉ። ስለዚህ በግድግዳው ስንጥቅ ተሻምተን አየን። የእንጅባራ የጥር ብርድ እንዴት አጥንት እንደሚሰብር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ሁለት የፊት እግሮች ወጡ፤ ቀጥሎ በእግሮቹ ላይ የተኛ አፍንጫ። ከግማሽ ሰዓት ቢዘገይ አደጋ ነው፤ እሷ ግን ፈጠነች። ግንባሯ ላይ ቦቃ ያለባት ሴት ውርንጭላ!

ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጤነኛ ውርንጭላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትቆማለች፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ትጠባለች። ይቺ ስትነሳ ስትወድቅ ቆይታ ቆመች፤ ጡቱን ግን ልታገኘው አልቻለችም። ግድግዳውን ጠባች፣ የእናቷን ጉልበት ጠባች። የሰው ልጅ ከእናቱ ማህፀን የበሽታ መከላከያ ይዞ ይወለዳል፤ ውርንጭላ ግን ባዶ እጇን ነው የምትመጣው። ስንቋ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው፤ አንጀቷም በሚገባ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው።

ሁለቱ ሰዓት አለፈ። እመቤቲቱ ትንሽ እንገር ኩባያ ውስጥ አለቡና ጣታቸውን ነክረው አላሷት። ልጄ «ለምን አፏ ውስጥ አያፈሱላትም?» ስትል «ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ ልጄ» አሏት። ጣታቸውን እያስከተሉ፣ እያስከተሉ ወደ ጡቱ ወሰዷት። ሦስት ጊዜ ሳተችው። በአራተኛው ጅራቷ መወዛወዝ ጀመረ፤ የመምጠጧም ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ።

ባለቤቴ እጄን ያዘች። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ «ቢጫው ወተት ተደፍቶ ነጩ ይጠበቅ» ያሉ አንዲት አክስት ነበሩን፤ እኔም፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ለአክስቴ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። አዋላጇ ናት ልጅቷን በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረት ላይ ያስተኛቻት።

አባወራው ግን አልተኙም። የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ጠበቁ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሲወርድ መሬት ላይ ዘርግተው በኩራዝ መረመሩት። ማህፀን ውስጥ ቁራጭ ከቀረ ባዝራዋን ሊገድላት ይችላል። ሙሉ መሆኑን ሲያዩ ነው ገና የተቀመጡት።

ጠዋት በድንጉላው ላይ ኮርቻውን የጫነው ታላቁ ልጃቸው ነው፤ ወንዱ ልጄም ጉግሱን ለማየት ተከትሎት ሄደ። ሴቷ አልሄድም አለች። ረፋድ ላይ ፈረሰኞቹ በመንገዱ ሲያልፉ ባዝራዋ ጆሮዋን አቆመች፤ ውርንጭላዋ ጭድ ላይ ተጋድማ ተኝታ ነበር።

ስም እንድታወጣላት የተጠየቀችው ልጄ «ዳኘው» አለች። ሴት መሆኗን ሲነግሯት ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያው ዳኝቱ።»