ዕቅዱ ከአርሶ አደሩ ጋር ይፈረም

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ቲማቲም የሚያቀነባብረው ሞርኒንግ ስታር እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ የጭነት መኪና ሥራ ጀመረ። ዛሬ ግዙፍ ድርጅት ቢሆንም በሠራተኛው ላይ የሚሾም አለቃ የለውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራና ውጤቱ በምን እንደሚለካ በደብዳቤ ያሰፍራል፤ በደብዳቤው የሚስማማውም ሥራው በቀጥታ ከሚነካቸው ባልደረቦቹ ጋር ነው። ሁለት ሠራተኞች ካልተግባቡ ሦስተኛው ይሸመግላል፤ ካልሆነ የባልደረቦች ጉባዔ፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንቱ ያየዋል።

በቀበሌ የልማት ባለሙያው ዕቅድ ግን ብዙ ጊዜ ከወረዳ ይወርዳል፤ ሪፖርቱም ወደ ወረዳ ይወጣል። የኮምፖስት ጉድጓድ ይቆጠራል፤ ምርጥ ዘር ዘግይቶበት የዘር ወቅት ያለፈበት አርሶ አደር ግን በምዘናው ቦታ የለውም።

የግል ድርጅት አሠራር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳለ አይገለበጥም። የወረዳ ኃላፊ ተጠያቂነትም አይቀርም። ሆኖም ከመኸር እርሻ በፊት ባለሙያውና የልማት ቡድኑ በሁለት ሦስት ተለኪ ጉዳዮች ተስማምተው ቢፈርሙ የሚከለክል የለም። ባለሙያው ማሳ ላይ የሚገኝበትን ቀን፣ አርሶ አደሩ ማሳውን አለስልሶ የሚጠብቅበትን ጊዜ ያስፍሩ። ምዘናው ሲደርስም መጀመሪያ የሚጠየቀው አርሶ አደሩ ይሁን።