በየቤታችን ተራኪ የለም

ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡና እየጠጣን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ክርክር ተነሳ። አንዷ «በዛብህ ከልቡ ቢወዳት ኖሮ ቶሎ ይነግራት ነበር» አለች። እኔ አልተስማማሁም።

እስቲ እናንተም አስቡት። በዛብህ የባላገር ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ስንቱን ጠያቂ መልሰዋል። እሱ እዚያ ቤት የገባው ሊያስተምራት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፍቅሩን ቢናገር ስለቱንም፣ እንጀራውንም፣ ምናልባትም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ዝም ያለው ስለማይወዳት አይደለም፤ ስለሚፈራ ነው።

ግን ይህን እንዴት አወቅን? ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ስለነገሩን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ሰብለ የማታየውን የበዛብህን ጭንቀት ለአንባቢ ይገልጣል። እናቴ ልጅ ሳለች ትረካውን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ስትሰማ «ንገራት እንጂ!» እያለች ሬዲዮኑን ትቆጣው ነበር አሉ።

በየቤታችን ግን የሰውን ልብ ገልጦ የሚያሳየን ተራኪ የለም። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አምና ባለቤቴ ዝም አለ። አምሽቶ ይመጣል፣ እራቱን በልቶ ስልኩን ያያል፣ ይተኛል። ሁለት ወር ሙሉ ዝምታውን ስተረጉም ከረምኩ፤ «ሰልችቼዋለሁ» ብዬም ደመደምኩ። የሚገርማችሁ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደንበኛን ሳንጠይቅ «ይህን ይፈልጋል» የሚል ሰው ቢኖር መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም።

አንድ ማታ ልጃችንን ካስተኛን በኋላ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሊቀንስ መሆኑን፣ የእሱም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ነገረኝ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለ። አቀፍኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ያለቀስኩት እንዳልጨነቅ ተብሎ ነበር! እሱም ማልቀሴን አላወቀም። ለካ እኔም ዝም ብያለሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ያልተናገረውን ፍቅር መተርጎም ደስ ይላል፤ ብንሳሳትም የሚጎዳ የለም። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ግን አትተርጉሙት፤ ጠይቁት። እናንተም ስትጠየቁ «ምንም አልሆንኩም» አትበሉ።

የዛሬ ማታው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጀምሩት። በሚቀጥለው ወር ያገናኘን!