ሰርቲፊኬቱ ለገዢው፣ ፍሳሹ ለነዋሪው



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አምስት ሰዎች በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ውሃው ሰማያዊ ነበር። ከሠፈራቸው በላይ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም በለወጠ ቁጥር ወንዙም አብሮ እንደሚለወጥ ነገሩኝ። ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር። ያገኙት መልስ «ፋብሪካው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አለው» የሚል ብቻ ነው። ናሙና የወሰደ፣ በፋብሪካው በር የገባ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

ይህ መልስ ዛሬም በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ይሰማልና ምን ማለት እንደሆነ እንመርምረው።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ወረቀቶች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100 የሚባለው የሚፈትሸው ያለቀውን ጨርቅ ነው። የአውሮፓ እናት ለልጇ የምትገዛው ልብስ ጎጂ ኬሚካል እንደሌለበት ያረጋግጣል፤ ጨርቁ የታጠበበት ውሃ የት እንደፈሰሰ ግን አይጠይቅም። አይኤስኦ 14001 ፋብሪካው የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት እንዳለው ይመሰክራል፤ ከቱቦው ስለሚወጣው ፍሳሽ በቁጥር የተወሰነ ጣሪያ አያስቀምጥም። ጎትስ የተባለው የኦርጋኒክ ጨርቅ መለኪያ የፍሳሽ ማጣሪያ መኖሩን ይጠይቃል፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። ፓርቲያችን እነዚህን ወረቀቶች አይንቅም፤ ገበያ ይከፍታሉ። ነገር ግን የመርማሪውን ክፍያ በአብዛኛው የሚከፍለው ተመርማሪው ፋብሪካ ነው፤ ውጤቱን የሚያነበው ደግሞ ገዢው ነው። (ገዢ ስል እዚህ ላይ የልብሱን ገዢ ማለቴ ነው፤ የሌላው ገዥ ነገር ከታች ይመጣል።)

እኛ መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ በፓኪስታን ካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩ። ያ ፋብሪካ ኤስኤ 8000 የተባለውን የሠራተኛ አያያዝና ደኅንነት የምስክር ወረቀት የተቀበለው ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። በሰው ሕይወት ላይ እንዲህ የሳተ አሠራር በወንዝ ላይ አይስትም ብሎ መተማመን እንዴት ይቻላል?

ወደ አገራችን እንመለስ። ጥጥ ሲነጣ፣ ሲቀለምና ሲታጠብ ብዙ ውሃ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ጨውና ማቅለሚያ ይጠቀማል። ማጣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ማጣሪያውን ቀንና ሌሊት ማሠራት ሌላ ነው። መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፣ ከዝቃጩም ጋር መገላገል ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘብ ያጠረው ባለ ፋብሪካ ለማጥፋት የሚፈተነው በመጀመሪያ ይህንኑ ማጣሪያ ነው፣ ያውም በሌሊት። ቀኑ አስቀድሞ የተነገረው የምስክር ወረቀት መርማሪ ይህን ሊያይ አይችልም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ቦርከና ይገባል፤ በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣውና አትክልቱን የሚያለማው በዚሁ ውሃ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

የሐዋሳው ጉዳይ ሌላም ትምህርት አለው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ተሠርቶለታል፤ መልካም ሥራ ነው፣ አናጣጥለውም። ፓርኩ የተሠራው መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዩሮ ቦንድ ከተበደረው 1 ቢሊዮን ዶላር በወጣ ገንዘብ ነው። ዕዳው የእኛ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዋነኛው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ በታኅሣሥ ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ተሰረዘች። ገዢ ሲሄድ የእርሱ መለኪያና የእርሱ መርማሪም አብረውት ይሄዳሉ። ማጣሪያው በየዕለቱ መሥራቱን ከዚያ በኋላ ማን ይከታተላል? መልሱ «የኢትዮጵያ መንግሥት ተቆጣጣሪ» መሆን ነበረበት።

ሕጉማ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ፋብሪካ እንዲገባና ናሙና እንዲወስድ ፈቅዶለታል። አዋጅ ቁጥር 295/1995 በመግቢያው የሚያለማውና የሚቆጣጠረው አካል እንዲለያዩ፣ የጥቅም ግጭትም እንዲወገድ በግልጽ ይናገራል። ገዥው ወገን ምን አደረገ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፕሮጀክቶችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ መርምሮ የማጽደቁን ሥልጣን ያንኑ ዘርፍ ለሚያስፋፉት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጠ። ባለሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱም በ1987 ባለሥልጣን፣ በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ባለሥልጣን ተባለ። ማኅተም ሲቀረጽ ዓመታት ያልፋሉ።

«ቁጥጥር ከጠበቀ ባለሀብት ይሸሻል፣ ወጣቱ ሥራ ያጣል» የሚለውን ክርክር አቅልለን አናየውም፤ በየከተማው ስንት ልጅ በልብስ ስፌት መስመር ላይ እንጀራውን እንደሚያገኝ እናውቃለን። ነገር ግን ባለሀብትን የሚያሸሸው ዛሬ የታለፈ፣ ነገ በድንገት የሚመዘዝ ሕግ ነው። ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ ተቆጣጣሪው ኢንቨስትመንት ከሚያስፋፋ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ተለይቶ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን ያደርጋል። ፍተሻው ሳይነገር፣ በሌሊትም ጭምር ይካሄዳል። የናሙናው ውጤት፣ ፋብሪካውን በስም ጠቅሶ፣ ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የምስክር ወረቀት ያለው ፋብሪካ ከዚህ ነፃ አይሆንም። አነስተኛ ፋብሪካዎች በጋራ ማጣሪያ የሚሠሩበት የረጅም ጊዜ ብድር ይመቻቻል። በጥፋቱ ምክንያት ለእርምት የታገደ ፋብሪካ ደግሞ የሠራተኞቹን ደመወዝ እየከፈለ ይታረማል፤ ጥፋቱ የባለቤቱ ሆኖ ሳለ የሠራተኛው ምጣድ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት የለም።

እስከ ምርጫው ቀን ድረስም እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንድትጠብቁ አንመክርም። የአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም የተሰጠው ውሳኔ ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን። መዝገብ ቤት ስታስገቡ በግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ፤ 30ውን ቀን የምትቆጥሩት በዚያ ነው። ግልባጩን ይዛችሁ ወደ ቅርብ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችን ብትመጡ የክስ ማመልከቻውን ያለ ክፍያ እናዘጋጅላችኋለን።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ