ከፎቶው በፊት ሜትሩ ይቅደም

ዊልቸር ገዝታችሁ ወደ ማንቡክ ለምታመጡ መሥሪያ ቤቶች፣ በጎ አድራጊዎችና ማኅበራት፤

ልግስናችሁን አልነቅፍም፤ ከዳንጉር ወረዳ ገጠር ለሚመጣ ሰው ዊልቸር በራስ ኪስ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የምነቅፈው ርክክባችሁን ነው። ባነር ይሰቀላል፤ አካል ጉዳተኞቹ ከጠዋት ጀምሮ ተደርድረው እንግዳ ይጠብቃሉ፤ ከንግግሩ በኋላ አንድ ዓይነት ወንበር ለልጁም ለጎልማሳውም ይታደላል። «ምን ይፈልጋል?» ተብሎ የሚጠየቀው አጠገቡ የቆመው ወንድሙ ነው። እግሩ እንጂ አፉ አልታሰረም እኮ! ጉሙዝኛ ብቻ የሚናገር ከሆነማ ጭራሽ ጠያቂም የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር ማቅረብ ስምንት ደረጃ ያለው አገልግሎት ነው። የሰውየው ኑሮና ሰውነት ይመረመራል፣ ይለካል፣ ወንበሩ በልኩ ይስተካከላል፣ አጠቃቀሙን ይሠለጥናል፣ ኋላም ጥገና ይደረግለታል። የባነር ደረጃ የለበትም። ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች ስሜት ያጣ ሰው ያለ ተስማሚ ትራስ ሲቀመጥ ቢውል መቀመጫው ይቆስላል፤ ሕመሙ ስለማይሰማው ቁስሉ ሳይታወቅ አመርቅዞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

መሬቱም አለ። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራው፣ የፊት ጎማው ትንንሽ የሆነው ወንበር በክረምት ጭቃችን ይሰምጣል። ለሸካራ መሬት የሚሠሩት ባለ ሦስት ጎማዎቹ ረዘም ያሉ ስለሆኑ ይሻላሉ። የብስክሌት ጎማና ከመነዳሪ የሚገጥምለት ከሆነ ደግሞ የሰፈር ጎሚስታም ይጠግነዋል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ3ኛው አንቀጹ ክብርንና የራስን ምርጫ ራስ የመምረጥ ነፃነትን በአንድ ንዑስ አንቀጽ ነው ያስቀመጣቸው። እናንተ ግን የሰውየውን ወንበርም ፈገግታም ትመርጡለታላችሁ። ፎቶው ላይ የምትጽፉት ስምና ቀበሌስ? ማንቡክ ያለችበት መተከል ብዙ ሰው የተገደለበትና የተፈናቀለበት ዞን ነው። ከዚያ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው የሚኖርበትን ቦታ ለዓለም ማሳየት የማይፈልግበት በቂ ምክንያት አለው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከጭነቱ በፊት ሜትር የያዘ ባለሙያና ጉሙዝኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ላኩ። ትርፍ ከመነዳሪም ጨምሩ። ፎቶ የማይነሳውም ወንበሩን ተቀብሎ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሂድ።