«ድሮም ሞቆ ነበር» ለሚሉ፦ ከእንጦጦ ሆነን ቁጥሩን እንየው

ሌሊት ተነስቶ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል የሄደ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ጋቢ ካልደረቡ አይሞከርም። እዚያ ቆሞ «ዓለም ሞቀች» የሚል ወሬ መስማት ቀልድ ይመስላል። «በመካከለኛው ዘመንም ሞቆ ነበር፤ ያኔ መኪና ነበር እንዴ?» የሚሉም አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ እስቲ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አዎ፣ ሞቆ ነበር። ከ950 እስከ 1250 ገደማ ማለት ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ ዘመንም እዚያው ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ትንሽ በርታ ብላ ነበር፣ ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎችም ጥቂት ነበሩ።

ግን ሁሉም ቦታ እኩል አልሞቀም። በ2019 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ያኔ አንዱ አካባቢ ሲሞቅ ሌላው ገና ወይም ቀድሞ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙቀት ግን ከ98 በመቶ በላይ በሆነው የምድር ክፍል ላይ የ2,000 ዓመት ሪከርድ ሰብሯል። ምክንያቱም ሌላ ነው፦ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ተነስቶ ከ420 በላይ ደርሷል። ፀሐይ ይህን አላደረገችም።

ያ ዘመንም ለጎረቤታችን ምቹ አልነበረም። የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ደለል ከ1000 እስከ 1270 ከባድ ድርቅ እንደነበረ ይመሰክራል።

ወደ እኛ እንምጣ። ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ትንሽ ነው? ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 1.3 ዲግሪ ማለት እንጦጦ ከቦታው ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ያህል ቁልቁል ወረደ እንደማለት ነው።

በ1880ዎቹ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ብርድ ሸሽቶ ወደ ፍልውሃ ወረደ። አሁን ሙቀቱ ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ወባም ይከተለዋል። በደብረ ዘይት አካባቢ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ደገኛው ደግሞ በሽታውን አልለመደውም፣ ሰውነቱም አይቋቋመውም።

ስለዚህ «ድሮም ሞቆ ነበር» እውነት ነው፤ የሚያጽናና ግን አይደለም። ትንሹ የድሮ ሙቀት ሐይቅ ካጎደለ፣ የዛሬው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

እናንተስ? እናትና አባታችሁን ጠይቁ፦ የልጅነታቸው ብርድና የዛሬው አንድ ነው?