«ፈሪ ነኝ» ወይስ «ፈርቻለሁ»?



እንቁጣጣሽና መስቀል አልፈው ጥቅምት ሲገባ የዴንቨርና የአውሮራ መንገዶች መልካቸውን ይቀይራሉ። ልጆቻችን የሳሉት አደይ አበባ ገና ከግድግዳ ሳይወርድ፣ ውጭ የራስ ቅል፣ የተሰነጠቀ ፊት፣ ደም የሚንጠባጠብበት ፊደል ይሰቀላል። የአስፈሪ ቤቶች ማስታወቂያ ነው። ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ በጨለማ ኮሪደር ሲያልፍ ጭንብል ያጠለቁ ተዋንያን ዘለው ያስደነግጡታል፣ እየጮኸና እየሳቀ ይወጣል። በዴንቨር በጣም ከሚታወቁት አንዱ ስሙ በአማርኛ «አሥራ ሦስተኛው ፎቅ» ማለት ነው።

ልጆች ፖስተሩን ከመኪና መስኮት ያዩና «ይሄ ምንድነው?» ይላሉ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እኛም «ተወው፣ አትየው!» ብለን እናልፋለን። ሃሎዊን ይከበር አይከበር የየቤቱና የየእምነቱ ጉዳይ ነው፤ ይህ ዓምድ እዚያ ውስጥ አይገባም። የኛ ጉዳይ ቋንቋው ነው። ልጁ በገዛ ፈቃዱ ስለ አንድ ነገር ማውራት ሲፈልግ፣ ያ ነገር ፍርሃት ሲሆን፣ ወሬውን በ«አትየው» ስንዘጋው አንድ ጥሩ የአማርኛ ትምህርት ያመልጠናል።

ልጆቻችን የወጥ ቤቱን አማርኛ ያውቃሉ፦ ብላ፣ ጠጣ፣ ና፣ እጅህን ታጠብ። የስሜት አማርኛ ግን ይከብዳቸዋል። ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ልጁ የእንግሊዝኛውን አባባል ቃል በቃል ገልብጦ «ፈሪ ነኝ» ይላል። ሊል የፈለገው «ፈርቻለሁ» ነው። በአማርኛ ደግሞ «ፈሪ» ስድብ ነው። አጎቱ ይስቃል፣ ዘመድ «ፈሪ ለእናቱ!» እያለ ይቀልድበታል። ልጁ የገባው ነገር ቢኖር መሳቃቸው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈራ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በእንግሊዝኛ ለሌላ ሰው ይናገራል። እዚህ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ በር ተቆልፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መደበቅን ይለማመዳሉ። ማታ ቤት ሲገቡ «ፈርቼ ነበር» የሚለውን ለእናትና ለአያት በሚገባቸው ቋንቋ መናገር መቻላቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ፖስተሩን አብረን እናንብበው። ሦስት ነገር እንይ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ። 13 ለምን ያስፈራል? በአሜሪካ ብዙዎች ገደ ቢስ ቁጥር ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በብዙ ረጃጅም ሕንፃዎች ሊፍት ላይ ከ12 ቀጥሎ 14 ነው የሚመጣው። «አሥራ ሦስተኛው ፎቅ» የሚለው ስም የሚያስፈራው ይህን ለሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ጋ ግን 13 ጳጉሜን ነች፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ያላት ትንሿ ወር። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መፈክር ነው፤ በእንግሊዝኛው 13 የፀሐይ ወራት ማለት ነው። ያው ቁጥር በአንዱ ፖስተር ላይ ጨለማ፣ በሌላው ላይ ፀሐይ ሆነ። ልጃችሁን «አንተን 13 ያስፈራሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ዓይኑ። በአስፈሪ ቤት ፖስተር ላይ ብዙ ጊዜ ክፉው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ አፍጥጦ ያየናል። በአገራችን የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአገራችን ሠዓሊ ክፉውን ከተመልካቹ ጋር ዓይን ለዓይን አያገናኘውም። ይህን ለልጆች ስትነግሯቸው ከዚያ ወዲያ የሚያዩትን ሥዕል ሁሉ ዓይን መቁጠር ይጀምራሉ።

ሦስተኛ፣ ቃሉ። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ ይለያየዋል። ድንገት «ባ!» ሲሉን እንደነግጣለን። ውሻ ሲያሳድደን እንፈራለን። ነገ ምን ይመጣ ይሆን ስንል እንሰጋለን። መውጫው ሲጠፋን ይጨንቀናል። ፖስተር ወረቀት ነውና ዘሎ አያስደነግጥም፤ የሚያደርገው ማስጋት ነው። ማስደንገጡ የቤቱ ሥራ ነው። ከ«ፈራ» ብቻ ስንት ቃል እንደሚወጣም ተመልከቱ፦ ፈሪ፣ ፍርሃት፣ አስፈሪ፣ አስፈራ፣ አስፈራራ፣ ማስፈራሪያ፣ የተፈራ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። «ፈራሁ» እንላለን፣ «ጨነቅኩ» ግን አንልም፤ «ጨነቀኝ» ነው የሚባለው። ልጆቹ «ራበኝ»ን ያውቁ የለ? ያው መንገድ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። በብዙ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ያየ፣ ዘመድ የቀበረ ሰው አለ። ለአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀይ ቀለም የሆነው ነገር ለአያቱ ደም ነው። ፖስተሩን ስታወሩበት አያት ካሉ፣ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። መስማት ካልፈለጉም ለልጁ ምክንያቱን በአጭሩ ንገሩት፦ «እማማ እውነተኛውን አይተዋል፤ ለሳቸው ጨዋታ አይሆንም» በሉት። ልጁ ከዚህ የጨዋታ ፍርሃትና የእውነት ፍርሃት እንደሚለያዩ ይማራል፤ ስለ ቤተሰቡም አንድ ነገር ያውቃል። እኛም ራሳችን «ጅቡ መጣልህ!»፣ «ጭራቅ ይበላሃል!» እያልን ልጅ የምናስተኛ ሰዎች መሆናችንን አንርሳ። ፖስተሩን ከመውቀሳችን በፊት አያ ጅቦን ለልጆቹ እናስተዋውቃቸው፤ በጣም ይስቃሉ።

በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ የሚሞከር፦

ልጃችሁ አንድ ፖስተር መርጦ በአማርኛ ይግለጸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን ይታያል? ምን ቀለም አለው? ማንን ያስፈራል? አንተን ያስፈራሃል? ለምን?

ትንንሾቹ በአማርኛ ፊደል የራሳቸውን ፖስተር ይሥሩ። እንደ ሐ፣ ጠ፣ ጨ ያሉት ፊደላት እግራቸው ብዙ ስለሆነ ለማንጠባጠብ ይመቻሉ። ጭራቅ የሚለውን ቃል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስጌጥ የዋለ ልጅ «ጭ»ን አይረሳም።

«ፈሪ ነኝ» ሲሉ አትሳቁ። «ፈርቻለሁ ማለትህ ነው? ምን አስፈራህ?» ብላችሁ መልሱላቸው። ከዚያ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» ይከተላል። ይህን ቃል እንግሊዝኛው በአንድ ቃል አይተረጉመውም፤ ልጆቻችን ግን ከማንኛውም ቃል ቀድመው የሰሙት ሳይሆን አይቀርም።

የልጆቹን ፖስተሮች በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁልን ኑ፤ ከአደይ አበባዎቹ አጠገብ እንሰቅላቸዋለን። ደም ያለበት ለኮሪደሩ አይሆንም፤ ጅብ ግን እንደ ልብ ነው።