ማሽኑ ተገዛ፣ ታማሚዋ የት ትደር?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ለአንድ ቀን ቀጠሮ ዓባይን ተሻግሮ መመለስ ያን ያህል አይከብድም። የጨረር ሕክምና ግን የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት በተለመደው አሠራር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለአምስት ሳምንት ያህል ትመላለሳለች። ማሽኑ ሥር የምትቆየው ደቂቃዎች ነው፤ የቀረውን ቀንና ሌሊት አልጋ ቤት ታሳልፈዋለች። ብቻዋን ስለማትሄድ የአስታማሚዋም ምግብና ኪራይ አለ። ወሩ የአጨዳ ከሆነ ደግሞ ማሳው ላይ ሁለት ሰው ጎደለ ማለት ነው። ከጎዛምን ወይም ከማቻከል የሚነሳ ቤተሰብ ይህን ወጪ ብዙ ጊዜ የሚችለው በሬ ሸጦ ነው።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል አልልም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ፣ ከሃያ ዓመት በላይ፣ ለመላ አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር። ይሠራ የነበረው ጨረሩን ከኮባልት በሚያገኝ ማሽን ነው። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ምንጩ ካልተተካ ለአንድ ታማሚ የሚበቃው ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። በኋላ ሊኒየር አክሰለሬተር የሚባሉ የጨረር ማሽኖች ተገዙ፤ ጅማ፣ ሐሮማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌም የዕቅዱ አካል ሆኑ። ዕቅዱ ደግ ነበር። ግን ማሽን መግዛት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ጨረር የማያሳልፍ ወፍራም የኮንክሪት ክፍል መገንባት አለበት፤ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ መለዋወጫም ያስፈልጋል። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ሕክምናውን የጀመሩት ሁሉ መሃል መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ጨረር ደግሞ ሲቋረጥ የመዳን ዕድል ይቀንሳል።

ለዚህም ነው «ለደብረ ማርቆስም የራሷ ማሽን ይገባታል» የሚለው ጥያቄ፣ የአገሬ ሰዎች ቅር ቢላቸውም፣ ዛሬ የማልደግፈው። ጥቂት ባለሙያ በየከተማው ከተበተነ የትኛውም ማዕከል በወጉ አይሠራም። «ክልላችሁ ውስጥ ጎንደር አለላችሁ» የሚለው መልስም አይዋጥልኝም። ከደብረ ማርቆስ በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር ለመግባት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ትቀርበናለች።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የታማሚዋ ናሙና በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተመርምሮ ውጤቱ በቶሎ ይውጣ። የጨረሩ ቀን በስልክ ይቆረጥ፤ ታማሚዋ ቀጠሮ ለመያዝ ብላ ዓባይን አትሻገር። የማህበረሰብ ጤና መድህን ሕክምናውን ሲሸፍን ትራንስፖርቱንና ማደሪያውንም ያስብ። ለካንሰር ታማሚ መጠለያ ማዘጋጀትን እንደ ማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ያሉ በጎ አድራጊዎች እስከ ዛሬ ተሸክመውታል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ማሽን የሚገዛ መንግሥት ይህን ለእነሱ ትቶ ሊቀመጥ አይገባም።

በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳበት ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዳችን የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ለአንድ ጉዳይ ብላ በሕክምናዋ መሃል ወደ ቤት ብቅ ያለች ሴት፣ በማግስቱ መኪና ቢቆም ሕክምናዋ ተቋረጠ ማለት ነው። በየማዕከሉ አጠገብ የታማሚ ማደሪያ መሥራት ኮንክሪቱን ከማፍሰስ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው፤ ለቀጣዩ ማሽን ጨረታ ሲወጣ ማደሪያው በዚያው ሰነድ ይግባ።